የአዋሽ ወፎችና የሁለት ማርክ ዕዳዬ

"ቲቸር፣ ከጡረታ በኋላ ምን እየሠሩ ነው?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ መልሱን ዛሬ ልስጣችሁ። ወፍ እያየሁ ነው። የምሬን ነው። ልጄ ከውጭ የላከልኝን የርቀት መነጽር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከገፈርሳ እስከ ቆቃ፣ ከበርጋ እስከ መተሐራ እዞራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሜዳ ላይ ቆሜ ሳለሁ ገበሬዎች መሬት ሊለካ የመጣ ሰው መስያቸው ከበቡኝ። ወፍ ነው የማየው ስላቸው ጭራሽ ተጠራጠሩኝ። አልፈርድባቸውም፤ በዚህ ወንዝ ዳር መነጽር ይዞ ከቆመ ሰው በኋላ የመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ለቆመበት ሜዳ ባለቤት ደግ አልነበረም። የዛሬው ጽሑፌም ከሞላ ጎደል ስለዚሁ ነው።

ረጅም ነው። ቡና አፍልታችሁ አንብቡት፤ የቸኮለ ላይክ አድርጎ ይለፍ፣ አልቀየምም። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በ1979 ዓ.ም. አዳማ (ያኔ ናዝሬት) ሳስተምር የጂኦግራፊ መምህር ጎድሎ እኔ ደርቤ ያዝኩ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ላይ "ረግረጋማ መሬትን ለጥቅም ለማዋል ምን መደረግ አለበት?" የሚል ጥያቄ አወጣሁ። የምጠብቀው መልስ "ውሃውን በቦይ አንጣፍፎ ማረስ" የሚል ነው። ሁለት ማርክ። ከቆቃ በኩል የምትመጣ አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "መተው ነው። በክረምት የወፍ ነው፣ በበጋ የከብት ነው።" እኔም በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት። ወረቀቱን ስመልስ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ "ቲቸር፣ አያቴ ናት እንዲህ ያለችኝ" አለች። እኔ ደግሞ ክፍሉ እየሰማ "አያትሽ ፈተና አታርምም" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ተመልሳ ተቀመጠች።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አዋሽን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፣ የበቾን ሜዳ ያጥለቀልቃል፣ በመልካ ቁንጡሬ ያልፋል፣ ቆቃ ላይ ይታገዳል፣ ወንጂንና መተሐራን ያጠጣል፣ ከዚያ አፋርን አቋርጦ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የማያይ ወንዝ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ለፈረንጅ አሳሾች ትልቅ እንቆቅልሽ ሆኖ ኖሯል። ቬርነር ሙንዚንገር በ1875 የግብፅን ጦር እየመራ አውሳ ላይ የተገደለው በዚሁ በረሃ ነው። ጉዳዩ ለእሱ የፖለቲካ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ከጠመንጃ ጋር የወፍ ሬሳ ማድረቂያም ይዘው መጡ።

ከእነዚህ ውስጥ የምወደው ሽማግሌው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣልያን አሳሾች አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የምትባል ቦታ ሰጧቸው። የዚያ ተዳፋት ጅረቶች ቁልቁል ወርደው አዋሽ ነው የሚገቡት። አንቲኖሪ እዚያ ተቀምጦ የሸዋን ወፍ ሰበሰበ፣ በ1882 እዚያው ሞተ። የሰበሰባቸው ወፎች ጄኖቫ ሙዚየም ገብተው ቶማዞ ሳልቫዶሪ የተባለው ሊቅ በ1884 ስለ ሸዋ ወፎች ትልቅ ጥናት አወጣባቸው። ልብ በሉ፤ የሸዋን ወፎች ዝርዝር ለማየት የፈለገ ሰው ጄኖቫ መሄድ ነበረበት። እስከዛሬም ከፊሉ ነገር እንደዚያው ነው።

ሌላው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ይህ ሰው እዚሁ አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ በ1910 የተወለደ ነው። በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተጋብዞ መጣና በዓሉ ሲያልቅ አዋሽ በረሃ ወረደ። ወንዙ የት እንደሚገባ ሳያይ መመለሱ አንገበገበው መሰለኝ፣ በ1933 መጨረሻ ተመልሶ መጥቶ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። የአውሳውን ሱልጣን መሐመድ ያዮን አግኝቶ ፈቃድ ተቀበለ፣ አቤ ሐይቅ ደረሰ፣ በ1934 ታጁራ ወጣ። ይህ ሁሉ ጊዜ በየሰፈሩበት ወፍ እየተኮሰ ቆዳውን ያደርቅ ነበር። ስብስቡ በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝ የወፍ ጥናት መጽሔት ወጣ። ሰዎች ቴሲጀርን በጀግና ተጓዥነቱ ያነሡታል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የታችኛው አዋሽ የወፍ ታሪክ መነሻው የአንድ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ የጉዞ ሻንጣ መሆኑ ነው። የአፋር እረኛ ለእያንዳንዱ ወፍ ስም ነበረው። ያንን ስም የጻፈለት ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ።

የአዋሽን ተፋሰስ የወፍ ማያ ቦታዎች በካርታ ላይ ሳያቸው አንድ ነገር ታየኝ፣ እሱን ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያ ተመዝግቧል። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ባወጣው መጽሐፍ ለወፎች ወሳኝ ናቸው ያላቸውን 69 ቦታዎች ዘርዝሯል። ከነዚያ ውስጥ በአዋሽ መስመር ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እያነሣችሁ "ማን ሠራው? ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹን ውሃዎች የሠራቸው ሰው ነው፣ ደግሞም ለወፍ ብሎ የሠራቸው የለም።

ገፈርሳን ውሰዱ። የአዲስ አበባ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ውሃ እንዲጠጣ የተገደበ ነው። ዛሬ ዳርቻው ላይ በጠዋት ከደረሳችሁ የአገራችን ብቻ የሆነውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ታያላችሁ፣ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ አስተኝቶ በዝግታ ይራመዳል፤ ሲያዩት ያኮረፈ ሽማግሌ ይመስላል። ጋጋኖውም እየጮኸ ከጥድ ወደ ጥድ ይበራል። ሁለቱንም በሳይንስ ስም የሰየማቸው በ1830ዎቹ አገራችን የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ገፈርሳን እዚህ ላይ ልለፈው፤ ለአዲስ አበባ ልጆች ቅርብ ስለሆነ ራሳችሁ ሂዱ።

አባ ሳሙኤል ሌላ ነው። የጣልያን ዘመን ስሙ አብሮት የሚነሣ የመብራት ግድብ ነው፤ ለአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪክ ከመነሻዎቹ አንዱ። ቆሞ ከከረመ በኋላ በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሶ እንደገና መብራት መስጠት ጀመረ። ከሐይቁ በላይ ባለው የአቃቂ ሜዳ ላይ በበጋ ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል የሚመጡ ረጃጅም ግራጫ ክሬኖች ይሰፍራሉ። ገበሬው ሽምብራውን እየለቀሙበት ያባርራል፣ እነሱ ተነሥተው እንደ ጥሩምባ እየጮኹ ሌላ ማሳ ላይ ያርፋሉ። ውሃው ግን የአዲስ አበባ እዳሪና የፋብሪካ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሆኗል። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ነው ወፍ የምታዩት። ይህንን ስል ለማጋነን አይደለም፣ የሄደ ያውቀዋል።

ቆቃ ላይ ግን መቆም አለብኝ።

በ1947 በፓሪሱ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። በመርዝ ጋዝ ለተፈጀ ሕዝብ፣ ለተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን፣ ለየካቲት 12 ሁሉ። ክፍያው ሲጎተት ቆይቶ በ1956 በተደረሰ ስምምነት ገንዘቡ ተቀነሰ፣ የተገኘውም ለቆቃ ግድብ ዋለ። ሠሪዎቹም ጣልያኖች ነበሩ። በ1960 ግድቡ ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ ለዚያ ዘመን እጅግ ትልቅ ነገር ነበር። ከኋላው 180 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሐይቅ ተኛ፤ ገላውዴዎስ ሐይቅ ተባለ። የአካባቢው ሰው ግን ገሊላ ይለዋል፣ በወፍ ቦታዎች መዝገብ ላይም የገባው በዚህ ስሙ ነው።

ይህን ታሪክ እኔ ክፍል ውስጥ እንዴት አስተምረው እንደነበር ታስታውሳላችሁ? "ጠላታችን በራሱ ገንዘብ መብራት አበራልን!" እያልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ተማሪው ያጨበጭብ ነበር። ውሸትም አልነበረም። ጎደሎ ነበር እንጂ።

ያው በዚያ በ1979 ዓ.ም. በግንቦት ተማሪዎቼን ይዤ ግድቡን ልናይ ሄድን። ድልድዩ ዘንድ ቆመን ስለ ሜጋ ዋትና ስለ ካሣው እያብራራሁ ነው። ከታች ይብራው፣ አባ ኮዳው፣ ትላልቆቹ ነጭ ፔሊካኖች ውሃው ላይ ናቸው። እኔ አንዱንም አላየኋቸውም። ያቺ ልጅ ግን አጠገቧ ላለችው ጓደኛዋ ወደ ሐይቁ መሐል እየጠቆመች "የአያቴ መንደር እዚያ ጋ ነው" ስትል ሰማኋት። መንደሩ ከማዶ ነው ማለቷ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ። ማዶ አልነበረም የምትጠቁመው። ውሃውን ነበር።

ምንም አላልኩም። መርሐ ግብር ነበረን፤ ከምሳ በፊት ወንጂ መድረስ ነበረብን።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና የሰማሁትን ስደምረው ነገሩ እንዲህ ነው። ግድቡ ከመሠራቱ በፊት አዋሽ በክረምት ከአፉ ወጥቶ ሜዳውን ያለብሰው ነበር። ውሃው መስከረም ላይ ሲሸሽ ሣሩ እስከ ወገብ ይደርሳል። የጅሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ሜዳውን ለበጋ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ምድር ሲደርቅ ከብቱን ወደዚያ ያወርዳሉ። ይህ ሥርዓት እንጂ ስንፍና አልነበረም። ከከተማ የመጣ ሰው ግን በክረምት ሲያየው ረግረግ ነው፣ በጸደይ ሲያየው ባዶ ሜዳ ነው፤ ስለዚህ "ጠፍ መሬት" ብሎ ጻፈው። መጀመሪያ ወንጂ ሄደ። ከኢንዶኔዥያ የለቀቀው የኔዘርላንድ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1951 ተዋውሎ በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ከፈተ። ቀጥሎ ሐይቁ ሌላውን ወሰደ። ጣልያን ለጋዙ የከፈለችው ካሣ ሄዶ ሄዶ ከአንድ አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ላይ ተኛ ማለት ነው። የእነሱን ካሣ የከፈለ ማን እንደሆነ ጠይቁልኝ።

ወፎቹስ? ወፎቹ መጡ። በብዛት ነው የመጡት። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ፈጠረ፣ ደለል ገባበት፣ ሸምበቆ በቀለ። በየዓመቱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ከሰሜኑ ዓለም የሚሸሹ ዳክዬዎች ይሞሉታል። አገር በቀሎቹ ባለ ዘውድ ጥቁር ክሬኖችም አሉ። እንግዲህ ከወፍ አንጻር ካየነው ቆቃ ትርፍ ነው። ከመንደሩ አንጻር ካየነው መቃብር ነው። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ማየት የተማርኩት በስተርጅና ነው፣ ያውም በመነጽር።

ሐይቁም ዝም ብሎ አልቀረም። እምቦጭ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ታየ ተብሎ የተመዘገበው እዚሁ ቆቃ ላይ በ1965 ነው። ጣና ላይ ሲደርስ ነው አገሩ ሁሉ የጮኸው፤ ቆቃ ላይ ግን ያኔ ገና ግድቡ አምስት ዓመቱ ነበር። ደለሉም የግድቡን ሆድ ከዓመት ዓመት እየሞላው ነው። ከላይ ያለው ደጋ ታርሶ አፈሩ ወርዶ የሚያርፍበት እዚያ ነው።

መተሐራን በአጭሩ። በ1966 የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ፣ በ1969 በአዋጅ ጸና፤ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር። ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ ይቆጠርበታል። ፈንታሌ ተራራ ድንጋይ ላይ የምትኖር ጥቁርማ ትንሽ ወፍ አለች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም። ሜዳው ላይ ደግሞ ያን መሬት ለመሬት የሚሄደውን ግዙፍ ወፍ፣ ፈረንጆቹ ኮሪ የሚሉትን፣ ጀርባው ላይ ቀዩ ንብ በል ተሳፍሮ ታዩታላችሁ። ወፉ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ፌንጣ ተሳፋሪው ይለቅማል። እንዲህ ያለ ታክሲ የትም የለም! ነገር ግን በዚያው በ1960ዎቹ በአንድ በኩል ፓርኩ፣ በሌላ በኩል የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ የከረዩን የግጦሽ መሬት ከሁለት ጎን ያዙት። ከረዩ ከብቱን ወደ ፓርኩ ሲነዳ "ሕገ ወጥ ግጦሽ" ተባለ። ከፓርኩ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስነሥቷል። የመስኖው ውሃ ነው የሚል አለ፣ ከመሬት በታች ነው የሚል አለ፤ የሁለቱ ድምር ነው የሚለው ያሳምነኛል። ጨዋማ ውሃው ላይ ወፍ አይጠፋም። በሌላው ጫፍ ያለው አቤ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው እየሸሸ ነው፤ ላይ ላዩን በመስኖ የተጠጣ ወንዝ ታች ምን ይዞ ይድረስ? ቴሲጀር ያየው ውሃና ዛሬ ያለው አንድ አይደሉም።

እስካሁን ያልኳችሁን ልብ ብላችሁ ከሆነ አንድ ቦታ ዘልያለሁ። በርጋ።

በርጋ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዲስ ዓለም አጠገብ ያለ ሜዳ ነው። በርጋ የሚባለው ወንዝ በክረምት ያጥለቀልቀዋል፣ ከዚያ ውሃው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ግድብ የለም። ፓርክ አይደለም። ሣር ብቻ ነው። ያ ሣር ውስጥ ግን በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ ትፈለፍላለች። ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ቡናማ፣ ስትበር ክንፏ ላይ ነጭ የምታሳይ፣ ቀኑን ሙሉ ሣር ውስጥ እንደ አይጥ የምትሹለከለክ። ለአካለ መጠን የደረሱት በዓለም ዙሪያ ከ250 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከ2013 ጀምሮ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብታለች። ስሟን ፈረንጆቹ ይጥሩት፣ እኔ የበርጋ ወፍ ነው የምላት።

ታሪኳ እንደ ልብ ወለድ ነው። በሳይንስ መጀመሪያ የታወቀችው ከእኛ አይደለም፤ በ1877 ከደቡብ አፍሪካ ቶማስ አይረስ በሰበሰበው ናሙና ነው። በእኛ አገር በ1940ዎቹ ኬኔዝ ጊሻርድ የተባለ እንግሊዛዊ በአዲስ አበባ ዙሪያ አግኝቷት በ1948 ጻፈ። ከዚያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ አራት አሥርተ ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ያያት ሰው አልተመዘገበም። አገሪቱ ንጉሥ አወረደች፣ አብዮት አካሄደች፣ ተራበች፣ ተዋጋች፣ መንግሥት ለወጠች። ወፏ ግን ማንም ሳያያት በየክረምቱ ትፈለፍል ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሱሉልታ ላይ እንደገና ተገኘች (ሱሉልታ እንኳ ውሃው ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው)፣ ብዙም ሳይቆይ በርጋ ላይ። ዛሬ ሱሉልታ ምን እንደሚመስል የጎጃምን መንገድ የያዘ ሁሉ ያውቃል፤ ቤት፣ ፋብሪካ፣ አጥር።

4,000 ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉት የደቡብ አፍሪካዎቹና የእኛዎቹ አንድ ዘር መሆናቸውን የደም ምርመራ አሳይቷል። ለረጅም ጊዜ "የምትፈለፍለው ኢትዮጵያ ብቻ ነው" ይባል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ደቡብ አፍሪካዎች ሣር ውስጥ በደበቁት ካሜራ እዚያም ጫጩት ይዛ ተገኘች። ሳይንስ ደስ የሚለኝ በዚህ ነው፤ የሰረዘውን መልስ ተመልሶ ያርማል።

ደቡብ አፍሪካዎቹ ለበርጋ ሌላም ነገር አድርገዋል። በእነሱ ድጋፍ፣ በማኅበራችን በኩል፣ እዚያ ትምህርት ቤት ተሠራ። የአካባቢው ሰውም ወፏን የሚጠብቅ ስብስብ አቋቋመ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ክረምት ላይ እንቁላሏን እስክትፈለፍልና ጫጩቶቿ እስኪጠነክሩ ከብት ሜዳው እምብርት ውስጥ አይገባም። ከዚያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ድርቆሽ ይሆናል፣ በበጋ ከብቱ ይገባል።

በክረምት የወፍ፣ በበጋ የከብት።

ይህንን በነሐሴ ሜዳው ዳር ቆሜ ሲያስረዱኝ ሰማሁትና እግሬ ከዳኝ ብላችሁ ታምናላችሁ? ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አብሮኝ የመጣው የድሮ ተማሪዬ ስኳሬ የወረደ መስሎት ከረሜላ ሰጠኝ።

ወፏን አላየኋትም። ሜዳው ውስጥ መግባት ጎጆ መርገጥ ስለሆነ ዳሩ ላይ ነው የቆምኩት። ዝናቡ ያካፋል፣ ሣሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴ ከሣሩ ሥር አንድ ነገር የጠራ ይመስለኛል። በቃ።

አንድ የበርጋ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ብዙ አወጋን። በኦሮምኛ ነው ያወራነው፤ የእኔ ኦሮምኛ የአዳማ ስለሆነ ሳቁብኝ። ሜዳው ካልታረሰ ወፏ እንደምትኖር እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ ልጅ ሳሉ ከብት ሲጠብቁ ያነሷት እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና "አራት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ሁሉም መሬት የላቸውም። ሜዳውን አትንኩ ይሉናል፣ እሺ አልን። ለልጆቼስ ምን ልበላቸው?" አሉኝ።

ቦዩ ከሜዳው በምሥራቅ በኩል ተጀምሯል። አዲስ ነው፣ አፈሩ ገና ጥቁር። ማን እንደቆፈረው አልጠየቅሁም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሣር ዘንድሮ ጤፍ ሆኗል፤ አረንጓዴው የተለየ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ለሽማግሌው የሰጠሁት መልስ የለም። እንደ ድሮው ቢሆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓምድ አስምሬ "ጥቅምና ጉዳት" እጽፍላቸው ነበር። ሻይ ጠጣን፣ ድርቆሽ ስንት እንደሚሸጥ ነገሩኝ፣ ድርቆሹ ከጤፉ ብዙም አይተናነስም አሉኝ፣ ዋጋው ግን እንደ ዓመቱ ነው፤ ዝናብ ያበላሸው ጊዜ ምንም ነው። ሲሰናበቱኝ በጥቅምት አጨዳ ላይ እንድመጣ ነገሩኝ። እሄዳለሁ።

እስከዚያው ከእናንተ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ቤተሰባችሁ ከቆቃ ሐይቅ በታች ከነበሩት መንደሮች የመጣ ካላችሁ የመንደሩን ስም ከእናት ከአባት ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ስም ብቻ ይበቃኛል። የሜዳውን፣ የመልካውን፣ የዛፉን፣ የወፉን የኦሮምኛ ስምም ቢሆን። ደብተር ይዣለሁ፤ እስካሁን አሥራ አንድ ስም አለኝ። የሚያውቁት ሰዎች ሰማንያውን አልፈዋል።

ሁለተኛ፣ የ1979 ዓ.ም. ዘጠነኛ "ሐ" ክፍል የነበራችሁ። ያቺን ልጅ የምታውቁ ይህንን አሳዩልኝ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ ራሷ ታውቃለች። እኔ ሁለት ማርክ ዕዳ አለብኝ፣ አያቷንም ይቅርታ ልጠይቅ ይገባኛል፣ በሕይወት ካሉ። ጥቅምት ላይ በርጋ አብራኝ ብትመጣ የመኪናውን እኔ እችላለሁ።